ውሻ ይዞ ወሎን መዞር፦ የት አብሯችሁ ይገባል፣ የት ውጪ ይጠብቃል፣ የትስ ጭራሽ አይሄድም

ለእረፍት ወሎ ልሄድ ነው ግን ውሻዬን ለማን ትቼ ልሂድ የሚል ሰው በዝቷል። ጥበቃው አበላዋለሁ ብሎ በሁለተኛው ቀን ይረሳዋል፣ ጎረቤት ይፈራዋል፣ ዘመድ ደግሞ "ውሻ ነው እኮ ምን ይሆናል" ይላችኋል። ይዞ መሄድ ይቻላል፣ የራሳችሁ ወይ የኮንትራት መኪና ካለ ችግር የለውም። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንስማማ፣ ወሎ ላይ ሰው ሊያይ ሚሄደው ቅርስ አብዛኛው ቤተክርስቲያን፣ ገዳም ወይ መስጊድ ነው፣ እዛ ደግሞ ውሻ አይገባም፣ "የኔ ውሻ ጨዋ ነው" ሚባል ነገርም አይሰራም፣ ባትጠይቁም ይሻላል። ስለዚ ፕሮግራሙን ገልብጣችሁ አውጡት፦ መጀመሪያ ሜዳና ተራራ የሆኑትን ቦታዎች ያዙ፣ ከዛ ቤተክርስቲያንና መስጊዶቹን በመሀል እየሰካችሁ አንዱ ሲገባ ሌላው ውሻውን እየያዘ ተቀያየሩ። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ውሻ ይዞ ላሊበላን አልመክርም፣ ቢያንስ ሁለት ሁኑ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ እዛው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ከመነሳታችሁ በፊትም፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስትሻገሩም።

ከመነሳታችሁ በፊት

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የግድ ነው፣ ከመንገዱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይሰጥ ምክንያቱም መከላከያው በአንድ ቀን አይገነባም፣ ከዛ በየዓመቱ ይደገማል፣ ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይም ዋናውን መኪና ውስጥም ያዙት። ኬላ ላይ ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል ግን ውሻው ድንገት ሰው ቢቧጥር ወይ ቢነክስ ያቺ ካርድ ናት ነገሩን ምታበርደው። እግረ መንገዳችሁን የዲስቴምፐርና የፓርቮ (ሁለቱም ከውሻ ውሻ ሚተላለፉ ገዳይ በሽታዎች ናቸው) ክትባቱንም አስጨርሱት፣ የሆድ ትል መድኃኒት ስጡት፣ የቁንጫና የመዥገር መከላከያ አድርጉለት። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ኮሌታ ይኑረው፣ ይሄን ለጌጥ አይደለም ምለው፣ በየከተማው ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ የማስወገድ ዘመቻ አንዳንዴ ይደረጋል፣ ኮሌታ የሌለው ውሻ ደግሞ ባለቤት እንዳለው ማንም አያውቅም። ለዛው ጉዳይ መሬት ላይ የወደቀ ስጋ እንዳይበላ "ተው!" ሲባል መተው መቻል አለበት፣ ይሄን ያልተማረ ውሻ ከቤት ባይወጣ ይሻለዋል።

ሚያዘው እቃ ብዙ አይደለም። ጠንካራ አጭር ማሰሪያ (ሁለት ሜትር ይበቃል፣ ሚጎተተው ረጅሙ ገመድ ገበያ መሀል እግር ላይ ይጠመጠማል)፣ አንድ ትርፍ ገመድ፣ የአፍ መሸበቢያ ከሳምንታት በፊት ቤት ውስጥ አለማምዳችሁት፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ የራሱ የመጠጫ ሳህን፣ የሚተኛበት ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ለቆሻሻው ደግሞ ወረቀት ወይ ፌስታል። ሳህኑን አትርሱ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምግቡን በተመለከተ፣ የለመደውን ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ቤት ስታርፉ እንጀራ በወጥ ያቀርቡለታል፣ በቅንነት ነው፣ ግን ቀይም ይሁን ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ደሴና ኮምቦልቻ ስጋ ቤት ሳንባ ማግኘት አይከብድም፣ ጥሬውን ግን አትስጡት። ያልበሰለ የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለው የትል እጭ ውሻው ሆድ ገብቶ ያድግና በኩሱ በኩል ወደ ሰው ይመጣል፣ በተለይ ውሻ አቅፈው ለሚያድሩ ልጆች አደገኛ ነው። ቀቅሉት በቃ። የዶሮ አጥንት ደግሞ በተለይ ሲበስል ስለሚሰነጠር ጭራሽ አይሆንም።

መኪናው ላይ

የህዝብ አውቶቡስ ውሻ አይጭንም፣ ሹፌሩን በገንዘብ አሳምነውት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሚያስገቡ ሰዎች ሰምቻለሁ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ አየር የለውም። ኮንትራት ስትይዙ ውሻ እንዳለ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ጠዋት በር ላይ ሲያይ ዋጋ ይጨምርባችኋል ወይ ጥሏችሁ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ውሻውን ሚፈትነው ደግሞ ርቀቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ጣርማበር ብርድ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከዛ ደብረ ሲና አድርጎ ተጠማዞ ተጠማዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ በአንድ ሰዓት ከምናምን ውስጥ ከጃኬት ወደ ላብ ማለት ነው። ብዙ ውሻ እዚህ ጋ ያስመልሰዋል። ከመነሳታችሁ ሶስት አራት ሰዓት በፊት ጀምሮ አታብሉት፣ ውሃ ብቻ በትንሽ በትንሹ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብትነሱ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ከሚሴን ፀሐዩ ሳይበረታ ታልፋላችሁ፣ በቀትር ከሆነ ግን መስኮት ከፍታችሁ እየሄዳችሁም ያለከልካል። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ በማለክለክ ነው። ምላሱ ደም ከመሰለ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ሲቆም ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፉን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አርጥቡ፣ ንፋስ ያግኘው፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፣ ካልተሻለው ቀጥታ ወደ እንስሳት ክሊኒክ። ከሚሴ ምሳ ልብላ ብሎ ውሻ መኪና ውስጥ ዘግቶ መግባትማ ገድሎ እንደመሄድ ነው፣ ተራ በተራ ብሉ።

ለማረፍ ስትቆሙ መንደር ጫፍ ላይ አትቁሙ፣ ከብት የሌለበት ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ በሩ ሳይከፈት ማሰሪያው ይታሰር። ጣርማበር አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ውሻ ጭላዳ አይቶ ከዘለለ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ገደል ነው።

ማደሪያ

ሆቴል ስትደውሉ "ውሻ ይፈቀዳል?" ካላችሁ መልሱ አይ ነው። "ግቢ አላችሁ? መኪና ውስጥ ሚገባበት? አንድ የተከተበ ውሻ አለኝ፣ ጥበቃውን አስቸግሬ..." ብላችሁ ጀምሩ፣ ለጥበቃው ሚሰጠውንም ጉርሻ አስቡበት። ትልልቆቹ ሆቴሎች እምቢ ካሉ ግቢ ያላቸው ትንንሽ ፔንሲዮኖች ይሻላሉ። ግን ግቢ ውስጥ አስራችሁት አታሳድሩ! ወሎ ከተማ ጫፍ ላይ ጅብ ማታ ማታ ይገባል፣ የታሰረ ውሻ ለጅብ የተዘጋጀ እራት ነው። ክፍል ውስጥ ከናንተ ጋር ወይ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይደር። ኅዳርና ታህሳስ ደሴ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ብርድ ልብሱ ለዛ ነው።

አብሯችሁ ሚገባባቸው ቦታዎች

ቦሩ ሜዳ ውሻ ላለው ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ደሴ አጠገብ ነው፣ ሰፊ ሜዳ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ታሪኩ ደግሞ ከባድ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበትና ከዛ በኋላ ወሎ ላይ ብዙ ነገር የተቀየረበት፣ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑበት ዘመን። ሜዳውን ስትዞሩ ማሰሪያው እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ቤተክርስቲያኑ ጋ ስትደርሱ አንዱ ውሻውን ይዞ ራቅ ብሎ ይቁም፣ አጥሩ ጋ ሳይሆን ራቅ ብሎ።

ጦሳ ተራራ ሌላው ነው። ደሴን ከላይ ሆኖ ማየት ለፈለገ በጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ጉም ይሸፍነዋል፣ ክረምት ላይማ ቀኑን ሙሉ ነው። ባህር ዛፉ ውስጥ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና አህዮች ስላሉ ስታዩዋቸው ከመንገድ ወጥታችሁ ውሻውን ከኋላችሁ አስቀምጡና አሳልፏቸው፣ መቶ ሜትር ሳይደርሱ ጀምሩ፣ ሸክም ይዞ መደንገጥ ቀላል አይደለም። አይጠየፍ አዳራሽ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ማብያ ነበር፣ እሱ ከተማ መሀል ነውና ውሻውን ፔንሲዮን ትታችሁ ሂዱ።

ሐይቅ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት የትምህርት ቦታ ነው፣ ሴት አይገባበትም፣ ውሻም አይገባበትም። ስለዚ ወንዶቹ ገዳሙን ሲያዩ ሴቶቹ ዳር ላይ ውሻውን ይዘው ይቆያሉ ማለት ነው፣ ፍትሃዊ ነው አላልኩም፣ ቢያንስ ወንዶቹ ሲወጡ አሳ መጋበዝ አለባቸው። አሳው ጠብሰው ያመጡላችኋል፣ አጥንቱን ለውሻው አትጣሉለት ጉሮሮው ላይ ይሰካል። ለመዋኘት ከዳር ብቻ፣ ትርፉን ገመድ አስራችሁ፣ ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው ቄጤማው ውስጥም እግር ይጠመዳል። ወፎቹን አያባር። ጀልባ ላይ ያልለመደ ውሻ አትጫኑ።

ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ስትቀጥሉ ውጫሌ አለች፣ ይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር ውሉ የተፈረመበት፣ ያ አንቀጽ 17 ጦርነት ያመጣው። ሙዚየም ያለበትን ግቢ ለሚጠብቀው ሰው "ውሻ አለን፣ የት እናቁመው?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

መቅደላ ለጠንካራ እግር ነው፣ ለሰውም ለውሻም። ከደሴ በኩታበርና በተንታ በኩል ነው መንገዱ፣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋ መጀመሪያ ጎራ ብላችሁ አስፈቅዱ፣ መንገድ ሚያሳይ ሰውም ይሰጧችኋል። አምባው ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሰዉበት ነው፣ ጋፋት ተሠርቶ በሰው ጉልበት እዛ ድረስ የተጎተተው 7 ቶን ገደማ ሚመዝነው ሴቫስቶፖል መድፍም እዛው ተቀምጧል። ለውሻው ሁለት ነገር፣ ውሃ ተሸከሙለት ላይ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ገደሉ ጫፍ ደግሞ ማሰሪያ አይፈታም፣ ፎቶ ለማንሳትም ቢሆን። ድንጋዩ መዳፍ ይልጣል፣ ስትወርዱ ጣቶቹ መሀል እዩለት።

ላሊበላ ላይ

አስራ አንዱም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ዋሻዎቹ፣ መተላለፊያዎቹ፣ ግቢው ሙሉ ውሻ አይገባም። ከላይ ሆኜ ቤተ ጊዮርጊስን ላሳየው ብሎ ነገር የለም፣ ያም ግቢ ነው፣ ደግሞ ጠርዙ አጥር የለውም። ምታረጉት እንዲ ነው፣ ጠዋት ግማሻችሁ ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ያሉበትን የሰሜኑን ምድብ ሲያይ ግማሻችሁ ውሻውን ይዞ ከከተማው ወጣ ወዳለው ኮረብታ፣ ከሰዓት ትለዋወጣላችሁ፣ በነጋታው ቤተ አማኑኤል ያለበትን ምድብና ቤተ ጊዮርጊስን እንደዛው። አሸተን ማርያም የእግር መንገዱን አብሯችሁ መውጣት ይችላል፣ ወደ ቤተክርስቲያኑ ማስገቢያ ሳትደርሱ አንድ ሰው ይቀራል። ይምርሃነ ክርስቶስ ጋም መኪናው ጋ ሚቀር ሰው ይኑር።

ለገና ግን ውሻ ይዛችሁ ላሊበላ አትሂዱ። ታህሳስ 29 ዋዜማ ከተማው በሙሉ መሬት ላይ የተኛ ምዕመን ነው፣ በእግሩ ስንት ቀን ተጉዞ የመጣ፣ ፆም ላይ ያለ፣ መሀሉ ውሻ ይዞ ማለፍ ነውር ነው። ግሸን ማርያምም መስከረም 21 እንደዛው፣ ግሸንን በሌላ ቀንም ቢሆን ውሻ ሳይኖር ሂዱ ብዬ ነው ምመክረው፣ አምባው መግቢያው አንድ ነው፣ ላዩ ሙሉ ቅዱስ ቦታ ነው፣ ታች ላይ ውሻ ይዞ ሚቀረው ሰው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። የባቲ የሰኞ ገበያም ይቅርባችሁ፣ ሙቀት፣ ግመል፣ ፍየል፣ ግርግር።

ጭራሽ ማይሄድባቸው

አቡነ ዮሴፍ ተራራና ቦረና ሳይንት ፓርክ። እነዚህ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው ሚባለው፣ ሁሉም እኛ ሀገር፣ ግማሽ በላዩ ባሌ ነው፣ የወሎዎቹ በየተራራው ጫፍ ላይ የተበጣጠሱ ትንንሽ ቤተሰቦች ናቸው። ትልቁ ጠላቱ ደግሞ የቤት ውሻ ነው፣ ስለሚነክሰው አይደለም፣ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ስለሚያስይዘው። ባሌ ላይ በየጊዜው በወረርሽኝ ያለቁት ከቤት ውሻ በመጣ በሽታ ነው። ከውሻ ጋር ይዳቀላልም። "የገበሬው ውሻ እዛ አለ አይደል የኔው ምን ያመጣል፣ ደሞ ተከትቧል" ትሉኛላችሁ፣ ክትባት ሁሉንም በሽታ አይሸፍንም፣ የገበሬው ውሻ መኖሩም ራሱ ነው ችግሩ፣ የከተማ ውሻ አይጨመርበት። ተራራውን ማየት ከፈለጋችሁ ውሻው ላሊበላ ወይ ደሴ ከአንድ ሰው ጋር ይቆይ።

ሰው፣ ከብት፣ አውድማ

ወሎ ላይ ያለ ሰው ውሻ አይጠላም፣ ቦታው ግን ውጪ ነው፣ ስራው ደግሞ መጠበቅ ነው። የናንተን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያይ ይስቃል፣ ልጆች "የፈረንጅ ውሻ!" እያሉ ይከተላሉ፣ ይሁን። አሁን ወደ ሳህኑ ልመለስ፣ አካባቢው ላይ ብዙ ሰው ሙስሊም ነው፣ የውሻ ምራቅ የነካው እቃ በብዙ ዑለሞች ዘንድ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ስለዚ ውሻችሁ በሰው ጣሳ አይጠጣ፣ ቤት ያለው ሰው "ግድ የለም አብሽሩ" ቢላችሁም አይጠጣ። ውዱእ አድርጎ ወደ ሰላት ሚሄድ ሰው ካገኛችሁ ውሻውን በወዲያኛው ጎናችሁ አርጉት፣ ልብሱን ካስነካችሁት "አፉ በሉኝ" በሉና ውሃ ስጡ። ቡና ጠጡ ተብላችሁ ስትጠሩ (ትጠራላችሁ፣ አይቀርም) ውሻው ከደጅ ይታሰር ወይ አንዱ እዛው ይቀመጥ፣ ቡናውን ያመጡለታል። መስጊድ አጥርና የመቃብር ቦታም እንደዛው፣ ወሎ ላይ ኮረብታ ላይ ያለ መቃብር ብዙ ጊዜ አጥር ስለሌለው ድንጋይ ተደርድሮ ካያችሁ ዙሩት።

የገበሬ ግቢ ስትቀርቡ ከሩቁ "ውሻ ያዙ!" ብላችሁ ጩኹ፣ ይሄ የሀገሩ ደንብ ነው። የጠባቂ ውሻ ወደናንተ ሲሮጥ የናንተን አታንሱ፣ ትንሽ ከሆነ ስታነሱት እናንተ ላይ ነው ሚዘለው፣ ከኋላችሁ አርጋችሁ ቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ፣ አብዛኛው እዛው ይቆማል፣ መወርወር አያስፈልግም። እሮጣለሁ ካላችሁ ግን ተከታይ አታጡም።

በግና ፍየል ካለ ማሰሪያ አይፈታም ብዬ ልጨርሰው፣ ውሻችሁ በግ ከያዘ በጉን ትከፍላላችሁ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቀኑም ያልፋል። መስከረምና ጥቅምት እህሉ ስለቆመ በጠርዝ ጠርዝ ሂዱ፣ ኅዳርና ታህሳስ ደግሞ አውድማ አለ፣ ውሻ አውድማ ላይ ረገጠ ማለት ሰው ሚበላው እህል ላይ ነው፣ ሸናበት ማለት ደግሞ አስቡት። ምንጭ ዳርም እንደዛው፣ ውሃ ከጀሪካናችሁ አጠጡት። ለሱም ይሻለዋል ምክንያቱም ምንጭና ኩሬ ውስጥ አልቅት አለ፣ በበጋ በተለይ። ኮምቦልቻ ከፋብሪካዎቹ በታች ያለውን የቦርከና ውሃ ደግሞ አይቅመስ።

ከተመለሳችሁ በኋላ

እዛው ማታ ማታ፣ ቤት ስትደርሱ ደግሞ በደንብ፣ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ስር፣ ጣቶቹ መሀል መዥገር ፈልጉ። በወረንጦ ቆዳው ጋ አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አርጋችሁ ሳቡት፣ ጋዝ ምናምን አይቀባም። አፍንጫው ከደማ ወይ ደጋግሞ ካስነጠሰው አልቅት ሊሆን ይችላል፣ የትምባሆ ውሃ ጨምሩበት ሚል ሰው አይጠፋም፣ አትስሙት፣ የእንስሳት ሐኪም በቀላሉ ያወጣዋል።

መንገድ ላይ ከማታውቁት ውሻ ጋር ከተናከሰ ቢከተብም ሐኪም ይየው፣ ክትባቱ ሊደገምለት ይችላል። ሰው ከተነከሰ ግን ቀን አይጠበቅም፦ ቁስሉን እዛው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል መሄድና ክትባቱን መጀመር፣ ቀጠሮውንም እስከመጨረሻው መጨረስ። ጸበል ሚሄድም ክትባቱን ወስዶ ይሂድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መድኃኒት የለውም።